«ይዣለሁ»

«ማሽኑ የሚያዘግም መቃብር ላይ ተቀምጦ ነው» ይላል ዘበኛው ደምለው። ጠዋት በር ሲከፍት ይላል፤ ቀትር ላይ ቆሎ ሲቆረጥም ይላል፤ አመሻሽ ላይ ቁልፍ ሲያስረክብም ይላል። የማን መቃብር እንደሆነ ግን እንደ ቀኑ ነው። አንዳንዴ የባንዳ ነው፣ አንዳንዴ ሳይናዘዝ የሞተ የጭቃ ሹም ነው፣ ዝናብ ሲበዛ ደግሞ የሁለቱም ይሆናል።

«የባንዳ ነገር ታውቂው የለ፣ እቱ» አላት አንድ ጠዋት ትሕትናን። «ከሞተም ወዲያ የሰው ሥራ ማጓተት ነው።»

«ማሽኑን እሱ ካጓተተው እርስዎንስ ማን አጓተተዎ፣ ጋሽ ደምለው? እርስዎ እንደሁ ደጅ ነው የሚውሉ።»

«ውይ! ይችን ልጅ ትሕትና ያላት ማን ነው?»

«አባቴ። ገና አፌን ሳልፈታ ነው ያወጣልኝ።»

ደምለው ሳቀና በርጩማው ላይ ተመቻቸ። በርጩማ ያደረገው ዩፒኤሱን ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ደግፎ እንዲያቆይ የተገዛ ዕቃ ነው፤ ባትሪው አብጦ ከሞተ ወዲህ ግን ደምለው ድሪቶ አልብሶ ይቀመጥበታል። ከልካይም የለው።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለ የኪራይ ቤት ነው። በራፉ ላይ «የሊቃውንት ቃል ማኅደር» የሚል ታፔላ ተሰቅሎበታል። በአንደኛው ክፍል ከየደብሩ በውሰት የመጡ ብራናዎች ፎቶ ይነሣሉ፤ በሌላው ትሕትና ትተይባለች፤ በመካከል ባለችው ጠባብ ክፍል ሰርቨሩ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይውላል። የብራናው ፎቶም የትሕትና ጽሑፍም የሚገባው ወደዚያው ወደ አንዱ ማሽን ነው።

ትሕትናን ስለዚህ ማሽን ያስተማራት የለም። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ጎድሏት ከትምህርት ስትቀር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘችና መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ ገጽ በገጽ ፈለቀቀችው። ወደ ማኅደሩ የገባችው በጸሐፊነት ነበር። ዓመት ሳይሞላት ግን ሰርቨሩ ባቃሰተ ቁጥር ኃላፊው አቶ ይስማው፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ይስማው፣ የሚጠራው እሷን ሆነ። ይህን ታውቃለች፤ ማወቋንም ከማንም አትደብቅም። «የተማረ ይግደለኝ ይላል ሰው» ትላለች፤ «እኔንስ የተማረው በጥያቄ ሊገድለኝ ነው።»

ደምለው መቃብር የሚለውን ነገር እሷ አሳምራ ታውቀዋለች። ፎቶ አንሺዎቹ ከባድ ከባድ ምስል ሲጭኑበት ዲስኩ ይጨናነቃል። ዲስክ ደግሞ የሰጡትን በትክክል ጽፎ ሳይጨርስ «ጻፍኩ» አይልም። እሷ አንዲት ስንኝ ተይባ «አስቀምጥ» ስትለው፣ ስንኟ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች። እስከዚያ መስኮቱ ላይ የአሸዋ ሰዓቷ ትገለባበጣለች፣ ትገለባበጣለች። ለብራና ሥራ ይህ ምንም አልነበረም፤ ብራና አይቸኩልም። ጭንቅ የሆነው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሲመጡ ነው።

መሪጌታ የመጡት በሰኔ መግቢያ፣ ከይጁቤ ወዲያ ካለ ደብር ነው፤ ልጃቸው የኔዓለም ክንዳቸውን ይዛ። ሊናገሩ የመጡት የራሳቸውን ቅኔ አልነበረም፤ የመምህራቸውን የእማሆይ ወለተ ሐዋርያትን ነው። ሴት ሆነው ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩ መነኩሲት ናቸው እማሆይ። በዘመናቸው ቅኔያቸውን የሰማ ሊቅ ሁሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር ይባላል። ራስ መነቅነቅ ምን ይገዳል? ወስዶ ብራና ላይ ያሰፈረላቸው ግን አንድም አልተገኘም። ደቀ መዛሙርቱም አንድ በአንድ እየተራገፉ፣ ያን ሁሉ ቅኔ በልባቸው የያዙ እኒህ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ።

ትሕትና ይህን ስትሰማ ደረቷ ነፋ አለ። እኒህን ሴት እማኖራቸው እኔ ነኝ አለች በልቧ።

«አንድ ዲያቆን አጠገብሽ ይቀመጥና በብዕር ይጻፍ» አላት ይስማው። «ለማንኛውም።»

«ለማንኛውም ማለት ምን ማለት ነው፣ አቶ ይስማው? የኔ እጅ ከብዕር ይፈጥናል።»

«እጅሽማ ይፈጥናል። እኔ የምፈራው ማሽኑን ነው።»

«ማሽኑን ለኔ ይተዉት።»

ይስማው ተወላት። የቀረበላቸውን ቴፕ መቅጃ ደግሞ መሪጌታ ራሳቸው በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። «ለሳጥን አልናገርም» አሉ። «ለኔ የተነገረኝ ከሰው አፍ ነው። እኔም የምነግር ለሰው ጆሮ ነው።» ከዚያ ወደ ትሕትና ዞረው ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። «ላንች ነው የምነግር።»

ሰኞ ጠዋት ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ጀመሩ። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ነው የሚናገሩት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን አይሰበርም። ሁለቱን ቤት ዘልቀው ሲጨርሱ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ያዝሽው?»

የአሸዋ ሰዓቷ ትገለባበጣለች። የመጀመሪያው ቤት ገና አልገባም፤ ሁለተኛው በትሕትና ጣትና በማሽኑ መካከል አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይዣለሁ» አለች።

«በርቺ» ብለው ቀጠሉ። ትሕትና ያመለጣትን በልቧ እየያዘች፣ ማሽኑ ፋታ ሲሰጣት እየዘረገፈች፣ እንደገና እየያዘች ተከተለቻቸው። «ያዝሽው?» «ይዣለሁ።» ባለ ሦስት ቤቶቹ፣ ዘአምላኪየ መጣ፤ ሚበዝኁ መጣ። «ያዝሽው?» «ይዣለሁ።» ለምሳ ሲነሡ ጀርባዋ በላብ ርሷል፤ ግን አንዲት ቃል አልጣለችም። «አልያዝኩም» የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፎቶ ኮፒ ቤት አልወጣ፣ እዚህም አይወጣም። ሆኖም ልቧ ፈርቷል፤ የቀሩት ረጃጅሞቹ ናቸው። መወድስ እንዲህ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይያዝም።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። መፍትሔውን ካወቀችው ቆይታለች። ከዲስኩ ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ አለች፤ ካሽ ይሏታል። ካሿ ከተከፈተች የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ እጅ በእጅ ትቀበልና ወዲያው «ተጽፏል» ትላለች፤ ወደ ዲስኩ የምታወርደው ኋላ፣ በትርፍ ጊዜዋ ነው። የወፍጮ ቤት ሰው በር ላይ ስልቻውን ተቀብሎ «ተፈጭቷል፣ ሂጂ» እንደሚል ማለት ነው። ወፍጮው እስካልቆመ ድረስ ውሸቱ ማንንም አይጎዳም።

ካሿ ተዘግታ የኖረችው በአንድ ምክንያት ብቻ ነበር። መብራት ቢጠፋ የተቀበለችውን እንዳትጥል የራሷ ባትሪ ያስፈልጋታል። ማሽኑ ሲገዛ ግን ያ ባትሪ አልመጣም። ይምጣ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። መጠየቅ ማለት ግን ይስማው አዲስ አበባ ይጽፋል፤ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይመጣል፤ ባለሙያው ደግሞ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ «ይህን ማን ነው ሲነካካው የኖረው?» ይላል። ትሕትና ይህን ከመስማት ጆሮዋ ቢቆረጥ ትመርጣለች።

ትእዛዙን ስትሰጥ ማሽኑ አስጠነቀቃት። ባትሪ የለም፣ ኃይል ቢቋረጥ ያልተጻፈው ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ? አላት በእንግሊዝኛው። ትሕትና አሰበች። ዓመቱ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ መብራት በፈረቃ ሆኗል፤ ፈረቃው ደግሞ ይታወቃል። የዚህ ሰፈር መብራት የሚጠፋው እሑድ ነው። እስከ እሑድ መሪጌታ ይጨርሳሉ።

«ቀጥል» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሌላ ማሽን ሆነ። ጣቷ ከቁልፉ ሳይነሣ «ተጽፏል» ይላታል። የአሸዋ ሰዓቷ እንኳን ልትገለባበጥ ብቅ ማለትም ተወች። «ያዝሽው?» ሲሏት «ይዣለሁ» የምትለው አሁን አፏን ሞልታ ነው። ሥላሴው፣ ዘይእዜው፣ መወድሱ በጆሮዋ ገብቶ በጣቷ ይወጣል፤ በመካከል የሚቆይበት ቦታ አልነበረውም።

«መቃብሩ ተፈታ እንዴ?» አላት ደምለው ማግስቱን፣ ፎቶ አንሺዎቹ ቶሎ ጨርሰው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አይቶ።

«ፈታሁት።»

«በምን?»

«በአፍንጫው ያዝኩና ‘አንተ ባንዳ፣ ልቀቅ’ አልኩት።»

«ላንችስ ይለቃል!» አለ ደምለው ከልቡ።

ረቡዕ ዕለት ስለ አንዲት ሴት የተባለ መወድስ ነገሯት። ውርጭ በጣለበት ማለዳ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ወንዶቹ ቀድመው ቀድተው ሄደዋል። ሴቲቱ በበረዶው ላይ ጎንበስ ብላ አለቀሰች፤ በዕንባዋ አቅልጣ ቀዳች። መሪጌታ ግእዙን ከተናገሩ በኋላ በአማርኛ የተረኩላት ይህን ሰሙን ነው።

«ወርቁስ?» አለች ትሕትና።

«ወርቁን ተይው። ከያዝሽው አንድ ቀን ራሱ ይመጣልሻል። ያዝሽው?»

«ይዣለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻው ቅኔ፣ ዕጣነ ሞገሩ ላይ ደረሱ። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጫቅጨዋል። መሪጌታ ወደ ማሳረጊያው ሲቃረቡ ከላይ መንገድ በኩል አንድ ነገር ተሰበረና መብራቱ ሄደ። ፈረቃ አልነበረም፤ ነፋስ የጣለው ምሰሶ ነበር። የሰርቨሩ ጉርምርምታ ቀስ እያለ አነሰና ዝም አለ። ሽማግሌው አላቋረጡም። የመጨረሻዋን ቃል በድንግዝግዙ ውስጥ አሳርገው ዐይናቸውን ገለጡ።

«ያዝሽው?»

«ይዣለሁ» አለች ትሕትና። አፏ ለምዶት ነበር።

«እንግዲህ እማሆይ አልሞቱም» አሉ መሪጌታ። እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው መረቋት፤ ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ወጡ።

መብራቱ የመጣው እሳቸው ገና በረንዳ ላይ ሳሉ ነው። ትሕትና ማሽኑን አስነሣች። ማሽኑ ተነሣ፤ የቅኔው ሰንጠረዥ ግን አልከፈት አለ። ካሿ ተቀብላ ያላወረደችው ጠፍቷል፤ ያወረደችውም ቢሆን በቅጡ አልተቀመጠም። አሮጌው ከአዲሱ ተዛንቆ፣ የአንዱ ራስ ከሌላው ጭራ ተጣብቆ፣ ማሽኑ ራሱ የጻፈውን ማንበብ አቃተው። ትሕትና የምታስቀምጠው ቅጂ ነበራት፤ ቅጂ የምትወስደው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የተበላሸውን ለብቻው አስቀምጣ ያለፈውን ቅዳሜ መለሰችበት። ንጹሕ ሆኖ ተከፈተ። ከእማሆይ ወለተ ሐዋርያት አንዲት ቃል አልነበረበትም።

በመስኮቱ በኩል መሪጌታ ይታዩዋታል። የኔዓለም ሻይ አስይዛቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ታስተካክላለች። ይስማው አጠገባቸው ቆሞ ያስቃቸዋል።

«ልጅየ» አሉ መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዘወር ብለው፤ «መብራቱ ምንም አላደረገብሽ? ይዘሽዋል?»

ትሕትና አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ የይስማውን ፊት አየች። ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

«ይዣለሁ፣ መሪጌታ። ዝናቡ ሳይመለስ ይሂዱ።»

ሽማግሌው ጥቂት አዩዋት። «እንግዲያስ ተመስገን» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ። ደምለው ጥላ ዘርግቶ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው።

እመልሰዋለሁ ብላ ነበር። ለይስማው «እያጣራሁ ነው» አለችው። ካሿን ማንም ሳያይ ዘጋቻት፤ ማሽኑ ወደ ማዝገሙ ተመለሰ፤ ደምለውም ወደ ባንዳው። እሷ የተቀደደውን ፋይል ይዛ ሰኔን ፈጨች፣ ሐምሌን ፈጨች። መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። ከውስጡ የተሰባበረ ፊደል፣ የፎቶ ቁጥር፣ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ የግእዝ ቃል ይወጣል። አንድ ቀን «ወአንቲሰ» የሚል ቃል ብቻውን ወጣላት። አንቺ ግን ማለት ነው። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለ።

ማሽኑን ትታ በራሷ ልብ ውስጥ ፈለገች። የሚገርመው፣ ከሰኞ ጠዋቶቹ ጥቂቶቹ አሉ። ማሽኑ ሲያዘግምባት በግድ በልቧ የያዘቻቸው ጉባኤ ቃናዎች ጥርሳቸው እየጎደለም ቢሆን መጡላት። ማሽኑ ከፈጠነ ወዲህ የተባሉት፣ መወድሱም፣ ያቺ በውርጭ ውሃ የወረደች ሴትም፣ ስንኛቸው የለም። ከሷ ዘንድ አላደሩማ። ሰሙን ታስታውሳለች፤ ሰሙን ደምለውም ቢነግሩት ያስታውሳል።

ሄዳ ለመሪጌታ መንገር እንዳለባት ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። መንገዱ ጭቃ ነው አለች። ክረምቱ ይውጣ አለች። ነገ ይከፈትልኝ ይሆናል አለች። ወደ ይጁቤ የሚሄደው አውቶቡስ ግን ጭቃ እየረጨ በማኅደሩ በራፍ ያልፍ ነበር።

መስቀል እንዳለፈ ተሳፈረች። ከይጁቤ በእግር፣ ጤፉ ጉልበት በሚደርስበት መንገድ ሄዳ ደብሩ አጠገብ ያለውን ቤት ጠየቀች። የኔዓለም ከአጥሩ በር ላይ አገኘቻትና አቅፋ ሳመቻት።

«ሰምተሽ ነው የመጣሽ?»

«ምኑን?»

የኔዓለም ወደ ውስጥ መራቻት። መሪጌታ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁርበት ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተኝቷል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

«ነሐሴ ላይ ነው፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወደቁ» አለች የኔዓለም። «ሰው ያውቃሉ፤ ይሰማሉ። ምላሳቸው ነው የተያዘ።»

ትሕትና ተንበረከከች። ሽማግሌው አወቋት፤ ዐይናቸው ሳቀ። ስንት ወር ሙሉ ስታዘጋጀው የከረመችው ንግግር ነበር፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስላልመጣው ባትሪ። አንዱም አልመጣላት።

«መሪጌታ» አለች፤ «አልያዝኩም። ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ደኅነኛው እጃቸው መቋሚያውን ፈለገና አገጫቸው ሥር ተከለው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቤት እንዳለው፣ ልክ እንዳለው ያስታውቃል፤ ከንፈራቸው በልክ ይከፈታል፣ በልክ ይገጥማል። የሚወጣው ግን ገለባ ላይ የሚነፍስ ነፋስ ነበር። እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ዐይናቸውን ገልጠው ጠበቋት። ትሕትና ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።

የኔዓለም እስከ ወንዙ ሸኘቻት። ትሕትና በመንገድ ሁሉንም ነገረቻት። የኔዓለም አልተቆጣችም፤ አልቅሳ ወይም ረግማ ቢሆን ይሻል ነበር። ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆመች።

«ምነው ያን ጊዜ አልያዝኩም አላልሽ?»

«እንደሳቸው ያለ ሊቅ ድገሙልኝ ይባላል እንዴ?»

«ምን ይባላል ታዲያ?» አለች የኔዓለም፣ ግራ ገብቷት። «በእማሆይ ጉባኤ አንድ ቅኔ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የሚነገር። አንዴ ሰምቶ የያዘ ተማሪ አልነበረም፤ አባቴም ራሳቸው አልያዙም። ላንችም ሦስት ሦስቴ ሊነግሩሽ ነበር የመጡ፤ የወር ስንቅ አስጭነውኝ። ይዣለሁ ስላልሽ ነው ስንቁን ሳንፈታ የተመለስን።»